ሥራ ላይ ነህ የተባለው ሀያቱ

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በሦስተኛው ክረምት ዝናቡ በረታና የአምቦ መንገድ ሥራ ቀዘቀዘ። ድንጋይ ሲፈልጡና ሲሸከሙ የከረሙ ብዙ ሰዎችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሀያቱ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ቤቱ ኮልፌ፣ ባሕር ዛፉ ጫካ አፋፍ ላይ ነው። ሚስቱ ዙቤዳ ከጫካው ጭራሮ እየለቀመች ትሸጣለች። ልጃቸው ሃጂራ ገና በዳዴ ነው የምትሄደው።

ሀያቱ ከጉራጌ አገር የመጣው ጎረምሳ ሳለ ነው። ክንደ ብርቱ ነው፤ ዝምተኛም ነው። ነገር ሲወሳሰብበት ጆሮውን እያከከ መሬት መሬቱን ያያል እንጂ አይጨቃጨቅም። ገፈርሳ አጠገብ ያለው ድንጋይ መፍለጫ ውስጥ ሲሠራ በግንቦት አንድ ቋጥኝ ተንከባሎ እግሩን መታው። እያነከሰም ቢሆን ሥራውን አላቋረጠም ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ካቦው ነገሬ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ግማሾቹን ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ነገራቸው። ለኬላ ማለፊያ የሚያሳዩትን፣ ቴሴራ የሚባለውን ወረቀታቸውንም ተቀበላቸው። ሀያቱ መዶሻውን አስረክቦ ሄደ። እግሩ የዳነለት ቤት ከዋለ በኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ በገበያ መሐል አዋጅ ተነገረ። በመንገዱ ሥራ ቆይቶ ያለ ጥፋቱ ሥራ ያጣ ሰው፣ ሌላ ሥራ እስኪገኝለት ድረስ በየሳምንቱ የፉርኖ ዱቄት ይሰፈርለታል የሚል ነበር። ጎረቤቱ እትዬ ጥሩብርሃን ከገበያ ስትመለስ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ነገረችው።

«ቁጭ ብለህ ዱቄት ይሰጡሃል አሉ» አለችው።

«ለምን ይሰጡኛል?»

«ሥራ ስለፈታህ ነዋ።»

ሀያቱ ይህ ነገር አልገባው አለ። ሰው ሠርቶ ሲበላ ያውቃል፤ ለምኖ ሲበላም ያውቃል። ስላልሠራ የሚበላ ግን አይቶ አያውቅም። ዙቤዳ ግን ነገሩ እስኪገባው አልጠበቀችውም። ሰኞ ጠዋት ስልቻ አስይዛ ላከችው።

የሥራው ቢሮ ከአዲሱ ገበያ ግርጌ ያለ የጣውላ ቤት ነው። በሩ ላይ ሁለት ሰልፍ ነበር። ሀያቱ አጠር ያለውን መርጦ ቆመ። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ አባራ። ከበሩ ሲደርስ ዘበኛው ስልቻውን አየና ይህ ሰልፍ አዲስ ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች የሚቆሙበት መሆኑን ነገረው።

«እኔም ሥራ እፈልጋለሁ እኮ» አለ ሀያቱ።

«ሥራ ከፈለግህ እዚህ፣ ሥራ ካጣህ እዚያ።»

ከሌላኛው ሰልፍ ጭራ ሄዶ ቆመ። ተራው ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ከጠረጴዛው ጀርባ ወባ ያከሳው የሚመስል ጣሊያን ጸሐፊ ተቀምጧል። ከጎኑ አስተርጓሚው ፈጠነ ቆሟል። ፈጠነ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ጣቱ ቀጫጭን፣ ሲናገር የሰው ዓይን የማያይ ወጣት ነው።

«ስም?»

«ሀያቱ።»

«ሥራህን ምን አደረግኸው?»

«ከሥራ ወጣሁ ጌታዬ።»

ፈጠነ ለጸሐፊው ነገረው። ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ።

«በገዛ ፈቃዱ ሥራ ለተወ ሰው ዱቄት የለም» አለ ፈጠነ።

«በፈቃዴ አይደለም እኮ። ወጣሁ ነው የምልዎት።»

«እኔስ ምን አልኩ? ወጣሁ አልክ፤ ወጣ አልኩት።»

«አስወጡኝ ለማለት ነው።»

«ቅድም ወጣሁ አልክ፣ አሁን አስወጡኝ ትላለህ። የትኛውን ልንገረው?»

ሀያቱ ጆሮውን አከከ። የትኛው እንደሚሻል አያውቅም ነበር። በመጨረሻ «ሁለቱንም ይንገሩት» አለ። ፈጠነ ጥቂት ቃል ተናግሮ መልስ ይዞለት ተመለሰ፤ የሚመጣው ሰኞ፣ ሥራ ፈትቶ ቤት መዋሉን የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ጎረቤት ይዞ ይምጣ ነው የተባለው። ሀያቱ ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ።

ምስክር የሆነችለት እትዬ ጥሩብርሃን ነች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ እርሻዋንም ሙግቷንም ራሷ የምትወጣ ሴት ናት። ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና ነው የሄደችው። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። ፈጠነ ሲጠይቃት ቀና ብላ መለሰች።

«ጎረቤቴ ነው። ከቤቱ ርቆ አይሄድም። የሰው ነገር የማይነካ፣ ምስጉን ልጅ ነው። ይኸውልህ፣ ዝናቡ የጣለብኝን አጥሬን እንኳ ያቆመልኝ እሱ ነው።»

ፈጠነ ወደ ጸሐፊው ዞሮ ተናገረ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

«አጥር አጠረ ማለት ነው?» አለ ፈጠነ።

«አዎን፤ አሳምሮ ነው ያጠረው።»

«ምን ከፈሉት?»

«ኧረ ምንም። ምሳ አብልቼው ሄደ።»

«እንግዲያው በምሳ ተቀጥሯል። ተቀጥሮ የሠራ ሰው ደግሞ ሥራ አላጣም።»

እትዬ ጥሩብርሃን ሀያቱን አየችው፤ ሀያቱም አያት። ጉርብትና መቀጠር መሆኑን ሁለቱም ያን ቀን ነው የሰሙት። እሷ ነገሩን ላስተካክል ብላ አፏን ስትከፍት ጸሐፊው ከፊቱ ያለውን መዝገብ ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አኖረና ፈጠነን ጠራው። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ተነጋገሩ። ፈጠነ ቀና ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሀያቱን ፊት ትክ ብሎ አየ።

«አንተ ሥራ ላይ ነህ» አለው።

«እኔ?»

«ገፈርሳ፣ ድንጋይ መፍለጫው። አንድም ቀን አልቀረህም። ቅዳሜም ውለሃል።»

«ቅዳሜማ ቤቴ ነበርኩ።»

«ወረቀቱ ሥራ ላይ ነበርክ ይላል። ስህተት ከሆነ ሄደህ ካቦህን ጠይቅ። እሱ መጥቶ ሀያቱ የለም ብሎ ካልተናገረ ዱቄት የለም።»

ሲመለሱ እትዬ ጥሩብርሃን የአጥሩን ነገር ከአፏ ልትጥለው አልቻለችም። ጨዋነቱን ልንገር ብላ እንጂ እንዲህ ይሆናል ብላ እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረችው። ሀያቱ ግን አጥሩን ረስቶታል። ቅዳሜ የት እንደነበር እያሰበ ነው የሚሄደው። ቤቱ እንደነበረ ያውቃል። ሃጂራን አቅፎ በር ላይ ተቀምጦ እንደነበር ያስታውሳል። ሆኖም ሰውዬው ያን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር፣ የራሱ ቅዳሜ ከአሁን አሁን ከእጁ የሚያመልጥ መሰለው።

ዙቤዳ ባዶውን ስልቻ አይታ ምን እንዳሉት ጠየቀችው።

«ሥራ ላይ ነህ አሉኝ።»

«የት?»

«ገፈርሳ።»

ዙቤዳ ሥራዋን አቆመችና አየችው። «ትሠራለህ እንዴ?» አለችው።

«እዚህ ከአንቺ ጋር አይደለም የምውለው?»

«ጭራሮ ለቀማ ስሄድ የት እንደምትውል እኔ ምን አውቃለሁ?»

ይህን ያለችው ከልቧ አልነበረም።

በማግስቱ ሀያቱ ወደ ገፈርሳ ሄደ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉልበት ድረስ ይውጣል። ኬላውን ለማለፍ ወረቀት ስላልነበረው በጫካው ዞሮ ወጣ። ድንጋይ መፍለጫው ጋ ሲደርስ ጥቂት ሰዎች ዳስ ሥር ተቀምጠው ጠጠር ይሰብራሉ። ሁለት ሰዎች ባሬላ ላይ ድንጋይ ጭነው ይሸከማሉ። ከሁለቱ ኋለኛው ረዥም፣ ጠይም ሰው ነው። ቀኝ እግሩን እየጎተተ ያነክሳል።

ካቦው ነገሬ ከዳሱ ዳር ሆኖ «ሀያቱ፣ ያንን አራግፍና ወዲህ ና» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለ ሀያቱ።

የሚያነክሰው ሰውም አቤት ብሎ ነበር። ባሬላው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ነገሬ ሀያቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ነጩ የሥራ ኃላፊ ካሚዮኑ ውስጥ መተኛቱን አረጋግጦ፣ ሁለቱንም ከድንጋዩ ክምር ጀርባ ወሰዳቸው።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው ሀያቱን።

«ሥራ ላይ ነህ ብለውኝ ነው ካቦ። ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው ያለህ?»

«የዱቄቱ ቢሮ።»

ነገሬ ባርኔጣውን አውልቆ ዝናቡን አራገፈ። በዕድሜ የገፋ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ብዙ የማይነጋገር ሰው ነው። የሆነውን በአጭሩ ነገረው። ሀያቱን ካሰናበቱት በኋላ ጥቂት ሰው እንደገና ያስፈልጋል ተባለ። ይህ ሰው ገሜዳ ይባላል፤ የነገሬ የእህት ባል ዘመድ ነው። ከአምቦ ወዲያ ያለውን ቀበሌያቸውን ወታደሮች አቃጥለውታል። ታላቅ ወንድሙ ጫካ ገብቷል። ገሜዳ በስሙ ቢመዘገብ ወንድሙን የሚፈልጉት ሰዎች እሱን ይይዙታል። የሀያቱ ወረቀት ግን ከነገሬ ኪስ ነበር።

«ሀያቱ አገሩ ገባ ብዬ ነው» አለ ነገሬ። «ዱቄት ይሰጣሉ ብሎ ማን ያስባል?»

ሀያቱ ወደ ገሜዳ ዞረ። ብዙ የሚጠየቅ ነገር ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

ገሜዳ አንገቱን ደፋ። «ደህና ነው። ነጩ ሰውዬ ሀያቱ የሚባለው ያነክሳል ሲል ሰማሁ። አንተ ታነክስ ነበር አሉኝ።»

«እኔማ ድኛለሁ።»

«እኔ ይህን በምን ልወቅ?» አለ ገሜዳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዳንድ ቀን እረሳውና ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ ልቤ ቀጥ ይላል። ሰላት ሲሰግዱም እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ እግሬን አሞኛል ብዬ ዳር እቀመጣለሁ። ስሙ ያንተ ነው ወንድሜ። እፈልገዋለሁ ካልክ ዛሬውኑ እሄዳለሁ» አለው።

«ወዴት ትሄዳለህ?»

ገሜዳ መልስ አልሰጠም። ነገሬ ነው የተናገረው።

«ቢሮ ሄደህ ተናገር ካልከኝ እናገራለሁ» አለ። «ግን ሀያቱ የለም ካልኩ፣ ታዲያ በሀያቱ ስም የሚሠራው ማነው ይሉኛል። ያን ጊዜ ምን እላለሁ?»

ሀያቱ ያላሰበው ይህንን ነበር። ጆሮውን እያከከ ጭቃውን ተመለከተ። ካሚዮኑ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ነገሬ ጮክ ብሎ ሥራ አዘዘ፤ ገሜዳም እያነከሰ ወደ ባሬላው ተመለሰ። ሀያቱ ትንሽ ቆሞ አየው። ያነከሰው በትክክል እሱ ያነክስ እንደነበረው ነው። የራሱን አካሄድ ከኋላ ሆኖ ሲያይ ቆየና በመጣበት ጫካ ተመለሰ።

እስከ ሰኞ ለማንም አልተናገረም። ዙቤዳ ስትጠይቀው ካቦውን አላገኘሁትም አላት። አንድ ጊዜ ሁሉንም ልንገርና ዱቄቴን ልውሰድ ይላል፤ ሃጂራ ስታለቅስ በተለይ እንዲህ ያስባል። ደግሞ ያ ሰው ወዴት ትሄዳለህ ሲባል ዝም ማለቱ ይመጣበታል። ቢሮው በር ላይ ሲቆም እንኳ የሚናገረውን አልወሰነም ነበር።

«ገፈርሳ ሄድክ?» አለው ፈጠነ።

«ሄድኩ።»

«እና፣ ሀያቱ እዚያ አለ?»

«አለ።»

ፈጠነ ጠበቀ።

«እንግዲያ አንተ ማነህ?»

ሀያቱ ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ያየዋል፤ ከኋላው ሰልፈኞች ያጉረመርማሉ። በልጅነቱ የሞተ ታናሽ ወንድም ነበረው። የሱ ስም ከአፉ ወጣ።

«ጀይሉ ነኝ።»

«ሁለት ሰኞ ሙሉ ሀያቱ ነኝ ስትል አልነበረም?»

«ወንድሜ ነው። ስለ እሱ ነው የመጣሁት።»

ፈጠነ ለረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሮ በጣልያንኛ ብዙ ተናገረ፤ ሀያቱ ከተናገረው እጅግ የበዛ። ጸሐፊው እጁን እያወናጨፈ መለሰ፤ ፈጠነ እንደገና ተናገረ። በመጨረሻ ጸሐፊው አዲስ ወረቀት ስቦ ጻፈበት።

«ጀይሉ ተብለህ ተመዝግበሃል» አለ ፈጠነ። «ሥራ ሲገኝ ትጠራለህ።»

«ዱቄቱስ ጌታዬ?»

«ዱቄቱ ሥራ ላጣ ሰው ነው። ጀይሉ ከዚህ በፊት ሠርቶ አያውቅም። ያልነበረውን እንዴት ያጣል?»

ሀያቱ ወጥቶ ከጣውላው ቤት ጀርባ ትንሽ ተቀመጠ። ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቶ ሊያያይዘው ሞከረ፤ መሐሉ ላይ እየጠፋበት ተወው።

ዙቤዳ ባዶውን ስልቻ ተቀብላ ሰቀለችው። ውሎ አድሮ ሁሉንም ነገራት።

«ስሜን ሰጠሁት» አላት።

«እኔና ልጅህንስ ለማን ሰጠኸን?»

ዙቤዳ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እሁድ ዕለት ገሜዳ ቤታቸውን ጠይቆ መጣ። ትከሻው ላይ ገብስ ተሸክሟል። በሩ ላይ ቆሞ፣ እያነከሰ ይግባ ወይስ ሳያነክስ፣ ግራ የገባው ይመስል ነበር። ዙቤዳ ገብሱን ተቀብላ መሬት ላይ አኖረችና ፊቱን አየች። አጥንቱ የወጣ፣ ከሲታ ሰው ነው። ሌላ ነገር ልትለው አስባ የነበረ ቢሆንም፣ «ግባና ቁጭ በል» አለችው። ቆጮና ጎመን አቀረበችለት፤ ሃጂራ እግሩ ሥር ስትድህ እየሳቀ አያት። ሲሄድ ዙቤዳ በደህና ግባ ስትለው ስሙን ልትጠራ ፈልጋ፣ የትኛውን እንደምትጠራ ጠፍቷት ተወችው። ገሜዳ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ከቢሮው መልእክት መጣና ሀያቱ ለግንብ ሥራ ተጠራ። በመጀመሪያው ቀን የግንቡ ሥራ ካቦ ስም ሲጠራ ሀያቱ ከፊት ቆሞ ነበር። ጀይሉ ተባለ፤ ዝም አለ። እንደገና ጀይሉ ተባለ፤ የቀረ ሰው መስሎት ዙሪያውን አየ። ካቦው ስሙን ሊሰርዝ ሲል ነው አቤት ያለው። ደንቆሮ ነው ብለው ስለ ያዙት ከዚያ ወዲያ ጮክ ብለው ይጠሩት ጀመር። ሥራው ግን ተስማማው። ድንጋይ ማስቀመጥ ድንጋይ ከመፍለጥ ይሻላል አለ።

ጥር ላይ ገሜዳ ከሥራ ቀረ። ወንድሙ ዘንድ ገባ ተባለ፤ በመዝገቡ ላይ የጠፋው ግን ሀያቱ ነው። ኬላ ላይ አንድ ነገር ሆኖ፣ ጠመንጃ ተወስዶ ነበር የሚሉም ነበሩ። ሀያቱ ይህን የሰማው ከሰው አፍ ነው፤ እውነቱን አላወቀም። በሚቀጥለው እሁድ ግን አንድ ነጭና ሁለት አስካሪ ወታደሮች ኮልፌ መጡ። የሚመራቸው ፈጠነ ነበር።

ሀያቱ በሩ ላይ ማገር ይልጣል። ዙቤዳ ሃጂራን አዝላ ወጣች።

«የሀያቱ ቤት ይህ ነው?» አለ ፈጠነ። ሀያቱን እያየ ነው የሚጠይቀው።

ከአጥሩ ማዶ ቀድማ የመለሰችው፣ የስሙን ነገር ከዙቤዳ ሰምታ የነበረችው እትዬ ጥሩብርሃን ናት። «ሀያቱማ ከክረምት ወዲህ ታይቶም አይታወቅ» አለችና ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም።

«አንተስ ማነህ?»

«ጀይሉ።»

«ለሀያቱ ምኑ ነህ?»

ሀያቱ ማገሩን አስቀመጠ። ወንድሙ ነኝ ቢል በወንድሙ ፈንታ ሊወስዱት ይችላሉ። አላውቀውም ቢል ደግሞ ቢሮ የተናገረው ይፈርሳል።

«ወንድሙ» አለ።

ነጩ ሰውዬ ወደ እሱ አመልክቶ አንድ ነገር ተናገረ። አንዱ አስካሪ ገመድ አወጣ። ፈጠነ ግን በጣልያንኛ መናገር ጀመረ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሳይቸኩል፣ ረዥም ነገር ተናገረ። ሀያቱ ጆሮውን አቁሞ ከሰማው ሁሉ የያዘው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሀያቱ እና ጀይሉ። ነጩ ጠየቀ፤ ፈጠነ መለሰ። ነጩ ቤት ገብቶ ቁርበቱን በእግሩ ገለበጠ፤ ወጣ። አስካሪው ገመዱን ጠቀለለ።

ፈጠነ የሄደው ከሁሉም ኋላ ነው። «ጀይሉ፣ ከሥራህ እንዳትቀር» አለው። ምክር ይሁን ማስፈራሪያ ከፊቱ አይነበብም ነበር።

ከሄዱ በኋላ ዙቤዳ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«አውቆሃል?» አለችው።

«ያወቀኝ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን ተወህ?»

«እንጃ።»

ከዚያ ብዙ ጊዜ ተወያዩበት። ዙቤዳ አዝኖለት ነው ትላለች። እትዬ ጥሩብርሃን ደግሞ ሀያቱን ጀይሉ ብሎ ያስመዘገበው እሱ ስለሆነ ለራሱ አንገት ፈርቶ ነው ባይ ናት። ሀያቱ አንድ ቀን በአንዱ፣ አንድ ቀን በሌላው ያምናል።

ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ሀያቱ ግንበኛ ሆነ። ግንበኞቹ ጀይሉ ይሉታል፤ ሰፈሩ ሀያቱ ይለዋል። እሱም ለሁለቱም አቤት ይላል። ገሜዳን አምቦ ከሚወጡ ነጋዴዎች ደጋግሞ ጠየቀ፤ አየሁት የሚል ግን አላገኘም።

ፈጠነን ግን አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ጨው ሲገዛ አገኘው። ከስቷል፤ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ሀያቱ ጠጋ ብሎ እጅ ነሳው።

«ያን ለት ምን ብለው ነው ያስጣሉኝ?» አለው። «ለነጩ ምን ነገሩት?»

ፈጠነ አየው። ጥቂት አሰበ።

«ማን ነበርክ?» አለ።

ሀያቱ ስሙን ሊነግረው አፉን ከፈተ። የትኛውን እንደሚናገር ሲያመነታ፣ ፈጠነ ያን ጊዜ ወደ ቢሮው የማይመጣ ሰው ስላልነበረ ሁሉንም እንደማያስታውስ ነግሮት ጨዉን ይዞ በሰዉ መሐል ሄደ።